ከባስልዮስና ከጎርጎርዮስ አገር፦ አምስት ቀን በጉዜልዩርት

ማክሰኞ ማታ

እህቴ ልብስ ልትገዛ ኢስታንቡል ስትሄድ ሻንጣ ላግዛት ብዬ አብሬያት ሄድኩ። ላሌሊ የሚባለውን ሰፈር የአዲስ አበባ ነጋዴ ያውቀዋል። ከሱቅ ሱቅ ስንዞር አማርኛ ሳንሰማ የዋልንበት ቀን አልነበረም። ግዢው በአራት ቀን አለቀ። በረራችን ግን ገና ሳምንት ይቀረዋል። እሷ የካርጎዋን ነገር እየተከታተለች እንድትቆይ፣ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘውን አገር አይቼ እንድመጣ ተስማማን።

አገሩ ቀጰዶቅያ ነው። ቱርኮቹ ካፓዶክያ ይሉታል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ጠዋት ጠዋት ሰማዩን በሚሞሉት ፊኛዎች ነው፤ እኔ ግን የማውቀው በቅዳሴ ነው። ልጅ ሆኜ ደብራችን ስሄድ "ዛሬ ቅዳሴ ባስልዮስ ነው"፣ "ዛሬ የጎርጎርዮስ ነው" ሲባል እሰማ ነበር። እነዚህ ሰዎች የት አገር ሰዎች ናቸው ብዬ የኔታን ስጠይቃቸው "ቀጰዶቅያ" አሉኝ። በሐዋርያት ሥራ ላይ ያለችው ቀጰዶቅያ። የቅዱስ ጊዮርጊስ አባትም ከዚያው ነው ሲሉኝ ጭራሽ ልቤ ተሰቀለ። ያን ጊዜ ቦታው ምድር ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ፊኛው ወዳለበት ግርግር መሄድ አልፈለግኩም። ጉዜልዩርት የምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ መረጥኩ። የማታ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጠርሙስ ይዞ በየወንበሩ ዞረ። እጅህን ዘርጋ አለኝና የሎሚ ሽታ ያለው ኮሎኛ መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ፊታቸውንና አንገታቸውን ሲያብሱበት አይቼ እኔም እንደሳቸው አደረግኩ። ቀጥሎ ሻይ መጣ። አስር ሰዓት ያህል ይፈጃል ስለተባለ ጋቢ ባለመያዜ ቆጨኝ።

ረቡዕ

ሊነጋ ሲል ነቃሁ። በመስኮቱ በስተቀኝ መሬቱ ነጭ ነው። በረዶ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው "ቱዝ" አሉኝ፣ ጨው ማለታቸው ነው። የጨው ሐይቁ ነው፤ በበጋ ውኃው ይደርቅና ጨው ብቻ ይቀራል። አሳሌን በፎቶ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም፣ ግን እሱን ነው ያስታወሰኝ። ፀሐይዋ ስትወጣ ነጩ ሁሉ ቀስ እያለ ሮዝ ሆነ።

አክሳራይ ወርጄ ዶልሙሽ ያዝኩ። ዶልሙሽ እንደኛ ሚኒባስ ታክሲ ነው። ረዳት ግን የለውም። ከኋላ ያለው ሰው ሒሳቡን ለፊተኛው ይሰጣል፣ እጅ በእጅ እየተቀባበለ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል፣ መልሱም እንደዚያው ይመለሳል። የእኔም ብር በአራት እናቶች እጅ አልፎ ሄደ፣ መልሱ ሳይጎድል መጣ።

ጉዜልዩርት ማለት "ውብ አገር" ማለት ነው። ስሙ አዲስ ነው። ድሮ በቱርክኛ ጌልቬሪ፣ በግሪክኛ ደግሞ ካርቫሊ ትባል ነበር። 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። ቤቶቹ በሙሉ ከቢጫ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። አደባባይ ላይ ሻይ ቤት አለ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጨዋታ ይዘዋል፣ ትራክተር ያልፋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ሐሰን ዳግ የሚባለው ተራራ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ጥንት እሳተ ገሞራ ነበረ። የአካባቢው ድንጋይ እንዲህ ለስላሳ ሆኖ በመጥረቢያ የሚፈለፈለው ከእንዲህ ካሉ ተራሮች በተተፋው አመድ የተነሳ ነው።

ያረፍኩት አንዲት እናት ክፍል የሚያከራዩበት ቤት ነው። ሰው ሁሉ "ቴይዜ" ይላቸዋል፣ አክስቴ እንደማለት ነው፣ እኔም ቴይዜ አልኳቸው። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ ከየት ነህ? "ኢትዮጵያ" ስላቸው ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። "ሐበሺስታን!" አሉ። ወዲያው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ቢላሊ ሐበሺ" አሉኝ። የነቢዩ ሙሐመድ ሙአዚን፣ ሰውን ለሶላት የሚጠራ፣ የነበረውን ሐበሻውን ቢላልን ማለታቸው ነው። በነዚያ አምስት ቀናት ውስጥ ይህን ስም ከስንት ሰው አፍ እንደሰማሁት መቁጠር አልችልም። አገሬን በጦርነትና በረሃብ ሳይሆን በአንድ መልካም ሰው የሚያውቃት ሕዝብ መሀል መገኘት ምን ያህል ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም።

ቁርስ ቀረበ። አይብ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ወይራ፣ ቲማቲም፣ ዳቦ፣ ሌላም ብዙ። ቀኑ ረቡዕ ነው። በስልኬ ትርጉም "ዛሬ ጾም ነኝ፣ ከእንስሳ የሚገኝ አልበላም" ብዬ ጻፍኩላቸው። ይቀየሙኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንብበው ምንም አላሉም። እንቁላሉን አነሱ፣ አይቡን አነሱ፣ ቅቤውን አነሱ። ጓዳ ገብተው ለውዝ፣ በወይራ ዘይት የተሠራ ባቄላና አንድ ሳህን ጥቁር ፈሳሽ ይዘው መጡ። ፔክመዝ ይባላል፣ ከወይን ጭማቂ ፈልቶ የሚወፍር ነው። የሰሊጥ ልቁጥ ጨመሩበትና በዳቦ እንዳጠቅስ አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ ዓርብም ሳልነግራቸው የጾም ማዕድ ጠበቀኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ወደ ጎርጎርዮስ ቤተ ክርስቲያን ወረድኩ። ዛሬ መስጊድ ነው፤ ሰዎቹ ራሳቸው "ኪሊሴ ጃሚ" ይሉታል፣ የቤተ ክርስቲያን መስጊድ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም ለእኔ የጉዞው ልብ ይህ ነው። ቀጰዶቅያ በአራተኛው መቶ ዘመን ሦስት ታላላቅ አባቶችን አፈራች። አንዱ የቂሣርያው ባስልዮስ ነው፣ ቂሣርያ ዛሬ ካይሴሪ የምትባለው ከተማ ናት። ሁለተኛው ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ። ሦስተኛው ጓደኛቸው፣ እኛ ነባቤ መለኮት የምንለው የእንዚናዙው ጎርጎርዮስ። ቤተ ክርስቲያኑ የተሰየመው በዚህ በሦስተኛው ነው፤ የተወለደውም ከዚህች ከተማ ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። ቁስጥንጥንያ ላይ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ በ381 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበውን የመቶ ሃምሳውን ሊቃውንት ጉባኤ ለጥቂት ጊዜ መርቷል። ከዚያ በሹመቱ ላይ ጭቅጭቅ ሲነሳ ሁሉንም ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ያን ትልቅ መንበር ትቶ የመጣው ወደዚህ ድንጋያማ፣ ነፋስ የሚበዛበት አገር ነው። ቦታውን ካየሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ዝምታው ሰውን ይጠራል።

ቤተ ክርስቲያኑ በ385 እ.ኤ.አ. አካባቢ በንጉሡ በቴዎዶስዮስ ዘመን ተሠራ ይባላል፣ ኋላም ታድሷል። ጫማዬን አወለቅኩ። እኛም ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ስለምናወልቅ እግሬ ምንም አልተገረመም። ውስጡ ምንጣፍ ነው። ግድግዳው ላይ የዐረብኛ ጽሕፈት አለ። ሥዕል ፈልጌ ዞር ዞር አልኩ፣ አላየሁም። መጀመሪያ ልቤ ክፍት አለው፣ አልዋሽም። ጥግ ላይ አንድ አዛውንት መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከየት ነህ አሉኝ። ነገርኳቸው። ቢላልን አነሱ። ክርስቲያን መሆኔን ስነግራቸው በጣታቸው ወደ ላይ አሳዩኝና "አላህ ቢር" አሉ፣ እግዚአብሔር አንድ ነው ማለት ነው። ከዚያ ቦታ ለቀቁልኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ።

ከዚያ በታች የገዳማት ሸለቆ የሚሉት ይጀምራል። ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሸለቆ ነው፣ ሁለቱም ገደሉ በቤተ ክርስቲያንና በመነኮሳት በአት የተፈለፈለ። ሰው ሲያየው ላሊበላ ማለቱ አይቀርም። እኔ ግን ገረዓልታን ነው ያሰብኩት። ላሊበላ ድንጋዩ ዙሪያውን ተፈልፍሎ ሕንፃው ለብቻው ይቆማል። የእዚህ ግን እንደ ገረዓልታ ወደ ገደሉ ሆድ የሚገባ ነው። ሲቪሽሊ የሚሉት ቤተ ክርስቲያን ላይ ወጣሁ። ድንጋዩ ላይ የፈላፊዎቹ የመጥረቢያ ጭረት ዛሬም ይታያል፣ ጣቴን አስገባሁበት። አንዱ በአት ውስጥ የድንጋይ መቀመጫ፣ ለመብራት የተቦረቦረች ትንሽ ጉድጓድ፣ ከላይዋ ደግሞ የጥቀርሻው ጥቁር ምልክት አለ። ማን እንደሆነ የማይታወቅ መነኩሴ እዚያች ጋ ተቀምጦ ዳዊት ደግሟል።

ብዙዎቹ በአቶች ግን ባዶ ናቸው። አንዳንዱ የፍየል ማደሪያ ሆኗል፣ አንዳንዱ ላይ ሰው ስሙን ፍቆ ጽፏል። ጠዋት መስጊዱ ላይ የተሰማኝ ቅሬታ እዚያ ቀለለኝ። ቢያንስ እዚያ ሰው ይሰግድበታል፣ ይጠርገዋል፣ ጣሪያው ሲያፈስ ይጠግነዋል። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፣ ሌላው ሌላ ሊለው ይችላል።

ዓርብ

ዛሬ ቀዩን ቤተ ክርስቲያን፣ ኪዚል ኪሊሴን ለማየት በእግሬ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ነው።

መንገዱ ግራና ቀኝ የዱባ እርሻ ነው። ዱባው ለሁለት እየተፈነከተ መሬት ላይ ተጥሏል፣ በሺህ የሚቆጠር። ምን ሆኖ ነው ብዬ ደነገጥኩ። አንድ ገበሬ ሲያስረዳኝ የሚፈልጉት ፍሬውን ብቻ ነው፣ ተቆልቶ የሚበላውን። ሥጋው ለከብት ይሆናል ወይ እዚያው አፈር ይሆናል። እናቴ ይህን ብታይ እንዴት እንደምታዝን አሰብኩ። የዱባ ወጥ በስልኬ ፈልጌ ለገበሬው አሳየሁት። ሳቀና አንድ ያልተሰበረ ዱባ አንስቶ ሰጠኝ። እስከ ማታ ተሸክሜው ዋልኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ መሀል ለብቻው ቆሟል። አጥር የለም፣ ቤት የለም፣ ዛፍም የለም ማለት ይቻላል። እንደሌሎቹ የተፈለፈለ ሳይሆን ከቀላ ድንጋይ የተገነባ ነው። ጉልላቱ ስምንት ማዕዘን ባለው ግንብ ላይ ተቀምጧል። ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ተሰነጣጥቆ ሊወድቅ ስለነበር በ2008 እ.ኤ.አ. የዓለም ሐውልቶች ፈንድ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ አስገብቶት ነበር። ነፋሱ በመስኮቶቹ ሲገባ ድምፅ ያሰማል። ምሳዬን፣ ዳቦና ወይራ፣ በሩ ጥግ ተቀምጬ በላሁ። አንድም ሰው አልመጣም።

ማታ ዱባውን ለቴይዜ ሰጥቼ ወጥ እንሥራ አልኳቸው። በርበሬ የለም፣ የእነሱን ቀይ ቃሪያ ዱቄት ተጠቀምን። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ሳቁላላ በጣም ተገረሙ፣ ያርራል ብለው ሁለት ጊዜ ዘይት ሊጨምሩ ተነሱ። ቀምሰው ግን "ኤሊኔ ሳሊክ" አሉኝ። እጅህ ይባረክ እንደምንለው ነው።

ቅዳሜ

ኢህላራ ሸለቆ። 14 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፣ ገደሉ መቶ ሜትር ያህል ይሆናል፣ ከታች ሜሌንዲዝ የሚባል ወንዝ ይፈሳል። ከአፋፉ ወደ ታች ወደ 400 የሚጠጋ ደረጃ ነው። ከላይ ደረቅ ሜዳ ነው፤ ታች ስትወርዱ ሰፊ ጫካ፣ የውኃ ድምፅ፣ በጥቅምት ቢጫ የሆነ ቅጠል። ስለዚህ ሸለቆ ብዙ ተጽፏል፣ እኔ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ልንገራችሁ።

በሊሲርማ የምትባል መንደር አጠገብ፣ ገደሉ ላይ በቀጭን መንገድ የምትወጡባት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለች። የአካባቢው ሰው ኪርክዳምአልቲ ይላታል። ግድግዳዋ ላይ ጊዮርጊስ መሀል ቆሟል። በአንድ ጎኑ ታማር የምትባል እመቤት የቤተ ክርስቲያኗን ምስል በእጇ ይዛ ታቀርብለታለች። በሌላው ጎን ባሲሊዮስ የሚባል ሹም አለ፣ ጥምጥም ጠምጥሞ ካፍታን የሚሉትን ረጅም ቀሚስ ለብሶ። ክርስቲያን ነው፣ ሹመቱ ግን በቱርኩ ሱልጣን ሥር ነው። ጽሑፉ ላይ የቁስጥንጥንያው ንጉሥ አንድሮኒቆስ ዳግማዊ ስም አለ። የሱልጣን መስዑድ ዳግማዊ ስምም አብሮ ተጽፏል። ዘመኑ የአሥራ ሦስተኛው መቶ መጨረሻ ነው። ፊቶቹ ተፍቀዋል። ጥምጥሙ ግን ጥርት ብሎ ይታያል።

ቆሜ ቀረሁ። ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ ላይ እንጂ እንዲህ ባለ ጎረቤት መሀል አይቼው አላውቅም። የቤታችን ሥዕል፣ እናቴ ሻማ የምታበራበት፣ ፊቴ መጣብኝ። ስልኬን አውጥቼ ላነሳ ስል እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ተውኩት።

ስወርድ ዶልሙሹ ሄዷል። ቅዳሜ ቀደም ብሎ እንደሚያልቅ አልጠየቅኩም። መሽቷል፣ ብርዱ ጠንክሯል። መንገድ ላይ ስቆም ድንች የጫነ ትራክተር ቆመልኝ። ከጆንያው ላይ ተቀምጬ ጨለማ ውስጥ ከተማ ገባሁ። ሰውየው ገንዘብ አልቀበልም አለኝ። ቴይዜ በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር፣ ነጠላቸውን የሚመስል ሻርፕ ተከናንበው። ቱርክኛ ባልችልም የተቆጡኝ ግን አንድም ሳይቀር ገብቶኛል።

እሁድ

የመጨረሻዬ ቀን ነው። ጎረቤት ሁሉ ግቢያቸው ተሰብስቦ ፔክመዝ ሊያፈላ ነው። ወይኑ ተጨምቋል። ጭማቂው ውስጥ ነጭ አፈር በተኑበት፣ እውነተኛ አፈር፣ ከተራራ የሚያመጡት። ኮምጣጣነቱን የሚያነሳው እሱ ነው። ከዚያ አፈሩ ዘቅጦ ጥሩው ተቀዳና ትልቅ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ተደርጎ እሳት ተለቀቀበት። አረፋው እየተገፈፈ፣ በረጅም ጭልፋ እየተማሰለ፣ ሰዓታት ወሰደ። ጠላ ሲጠመቅ እንደሚሰበሰበው ሰው ነው፤ አንዱ እንጨት ያቀርባል፣ ሌላው ይማስላል፣ ልጆች ጣታቸውን እየነከሩ ይባረራሉ።

እዚያ ተቀምጠን ነው ቴይዜ የቤታቸውን ታሪክ የነገሩኝ። የልጅ ልጃቸው በትምህርት ቤት እንግሊዝኛው እየተረጎመልኝ። ቤቱን የሠሩት እነሱ አይደሉም። በ1923 እ.ኤ.አ. በሎዛን በተፈረመው ውል መሠረት ቱርክ ውስጥ ያሉ ኦርቶዶክሶች ወደ ግሪክ፣ ግሪክ ውስጥ ያሉ ሙስሊሞች ወደ ቱርክ እንዲሄዱ ተደረገ። ፈቃድህ ነው ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ከሁለቱም ወገን ተደምሮ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው ነው የተነቀለው። የካርቫሊ ክርስቲያኖች የጎርጎርዮስን አፅም ይዘው ሄዱ፣ ካቫላ አጠገብ ኔያ ካርቫሊ፣ አዲሲቱ ካርቫሊ የምትባል ከተማ ቆረቆሩ። በእነሱ ቤት ደግሞ ከኮዛኒና ከካስቶርያ የመጡ ሙስሊሞች ገቡ። የቴይዜ አያት ከኮዛኒ የመጡ ሕፃን ነበሩ።

የሚገርመው ሄደው የቀሩት ክርስቲያኖች የሚናገሩት ቱርክኛ ነበር። ቱርክኛውን በግሪክ ፊደል ይጽፉት ነበር፣ የወሎ ሙስሊሞች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እንደሚጽፉት። ግሪክ ሲደርሱ ቋንቋ አጡ። ወዲህ የመጡትም ብዙዎቹ እንደዚያው።

"አያቴ እስክትሞት ድረስ የኮዛኒን ውኃ ታነሳ ነበር" አሉ ቴይዜ። "ይኸ ውኃ አይደለም ትል ነበር።" ዛሬ የነዚያ ግሪኮች ልጆችና የልጅ ልጆች በበጋ ይመጣሉ። በሩን ያንኳኳሉ፣ ቤቱን እናየው ይላሉ። ቴይዜ ያስገቧቸዋል፣ ቡና ያፈሉላቸዋል። አንዷ ሴትዮ ጓዳ ገብታ ግድግዳውን አቅፋ አለቀሰች አሉ። እሳቸውም አብረዋት አለቀሱ።

በሩ ላይ፣ ከድንጋዩ ቅስት በላይ፣ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። ቴይዜ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሥሩ ገብተው ወጥተዋል፣ ምን እንደሚል አያውቁም። እኔም ግሪክ አላነብም። ግን ቀና ብዬ ሳየው የማውቃቸው ፊደላት ናቸው! የግዕዝ ቁጥሮቻችን ከግሪክ ፊደል የመጡ እንደሆኑ የኔታ ነግረውኝ ነበር። ለልጁ ደብተሩ ላይ ጻፍኩለት። ፩ ይኸው አልፋ፣ ፪ ቤታ፣ ፫ ጋማ፣ ፬ ዴልታ። ልጁ ወንበር አምጥቶ ቆመበትና በጣቱ እየዳሰሰ "ይኸ አንድ! ይኸ ደግሞ ሦስት!" እያለ መጮህ ጀመረ። ጎረቤቱ ሁሉ ፔክመዙን ትቶ መጣ። ጽሑፉን አላነበብነውም። ግን ቴይዜ ከሥር ቆመው ወደ ላይ እያዩ በጣታቸው አየር ላይ ፩ን ሲሠሩ አየኋቸው።

ከሰዓት ዶልሙሹ በራቸው ድረስ መጣ። አንድ ማሰሮ ትኩስ ፔክመዝ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ፣ ለእናትህ አሉኝ። ጉንጬን ሳሙኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት ዞር ብዬ ሳይ ቴይዜ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ውኃ ይዘው ከኋላችን መንገዱ ላይ ደፉት። የረሱት ነገር ያለ መስሎኝ ሾፌሩን ልጠራ ስል አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ያዝ አደረገችኝ። ልማዳቸው ነው አለችኝ፤ እንደ ውኃ ሂድ፣ እንደ ውኃ ተመለስ ማለት ነው። ድንጋዩ ላይ የፈሰሰው ውኃ እስክንታጠፍ ድረስ ፀሐይ እየመታው ያበራ ነበር።